«መብራት ነው» ብዬ የተውኩት

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው ባለቤቴ ናት። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው፤ ማታ ሳሎን ቁጭ ብለን ሳለ «ኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል» አለችኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። በማግስቱ ጠዋት ሳበራው ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ መጣ።

ጎረቤታችን መጥቶ አየውና «መብራት ነው» አለ። በዚያ ሳምንት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቶ ነበር። እኔም አመንኩት። አዲስ አበባ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም። ቴሌቪዥን ሲጠፋ መብራት ነው፤ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቆም መብራት ነው፤ የሆነ ሰው በር ላይ ቆሞ «ሲመጣ ነው የሚያቃጥለው» ይላል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ነገሩ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ እውነት ነው። እኔን የጎዳኝም እውነትነቱ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ቶሎ እጠረጥረው ነበር።

ያ ድምፅ ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ኮምፒውተር ፋይሎቹን የሚያስቀምጥበት ሃርድ ዲስክ ውስጥ መስታወት የሚመስሉ ሳህኖች አሉ። የእኔ ዓይነቱ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በሰከንድ 120 ጊዜ ማለት ነው። የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካውም። ሳህኑ ሲሽከረከር ይዞት በሚዞረው ስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ከፍታውም በናኖሜትር ይቆጠራል፤ ከዚያ ክፍተት አጠገብ የሰው ፀጉር ተራራ ነው። ሳህኑ ላይ ጭንቅላቱን የሚመሩ ምልክቶች ተጽፈዋል። እነሱን ማግኘት ሲያቅተው ክንዱ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፣ ይሞክራል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ ቤቱ እንደጠፋበት ሰው መንገዱ ጫፍ ድረስ እየሄደ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ያ ነው።

የሠፈራችን ጠጋኝ ዲስኩን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ አንድ ቁጥር አሳየኝ፦ 31,000 ሰዓት ሠርቷል። ያለ ዕረፍት ቢቆጠር ሦስት ዓመት ተኩል ነው። «ይሄ እንኳን ዕድሜውን ጨርሷል» አለኝ። እኔ ግን በልቤ መብራቱን ይዤ ነበር። የጠፋብኝ ነገርም ብዙ አላሳዘነኝም፤ ፊልሞች፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች፣ ከኢሜይል መልሼ ያገኘኋቸው ነገሮች። በዚያው ሳምንት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚይዝ ባትሪ፣ ገዛሁ፣ ዲቫይደሩን ቀየርኩ፣ መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ባለ አንድ ቴራባይት አዲስ ዲስክ ይዤ መጣሁ። አሁን ተጠብቄያለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ያን ዲስክ ውድ ያደረግኩት።

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ማታ ብርዱ ሲበረታ ጋቢያችንን ተከናንበን የድሮ አልበሞችን አወጡልኝ። ነጭ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች፣ ፎቶ ቤት ውስጥ የተሳለ ሐይቅና ዛፍ ያለበት መጋረጃ ፊት የቆሙ ሙሽሮች፣ ከጀርባቸው በሰማያዊ ቢክ «ለማይረሳ ማስታወሻ ይሁንሽ» የተባለባቸው። አንዳንዶቹ ከአልበሙ ፕላስቲክ ጋር ተጣብቀው መላጥ ጀምረዋል። «እርስዎ ከፈቀዱልኝ ወስጄ በኮምፒውተር ላስቀምጣቸውና እመልሳለሁ» አልኳቸው። ፈቀዱ። ይህን የሰማች ሌላዋ አክስቴ የእሷን አልበም ላከችልኝ። የአባቴ የአጎት ልጅም አንድ ካርቶን ሙሉ ላከ።

እስከ ሚያዝያ ድረስ በየማታው ስካን አደረግኩ። 1,140 ፎቶ። ለእያንዳንዱ ስም ጻፍኩ፤ ማን ከማን ጋር፣ የት፣ ስንት ዓመተ ምሕረት። የማላውቀውን አክስቴን በስልክ እየጠየቅኩ ነው። «ባርኔጣ ያደረገው፣ በግራ በኩል፣ አንድ እጁን ኪሱ የከተተው» እያልኩ ስገልጽላቸው ከሰው በፊት ኮቱን ያውቁት ነበር። ከዚያ አልበሞቹን በየባለቤቱ መለስኩ። ዲስኩ አዲስ፣ ዩፒኤሱ አዲስ፤ ሌላ ቦታ ላስቀምጠው የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም።

ሰኔ ላይ ሁለተኛው ታመመ። የዚህኛው ሕመም የተለየ ነበር፤ ድምፅ የለውም። ፋይል ስገለብጥ መሐል ላይ ቀጥ ይላል፤ ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ይላል። አንዳንዴ ዲስኩ ከነጭራሹ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳል። በመጨረሻ ሳይመለስ ቀረ። ይህ ልዩነት ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። የመጀመሪያው ሲሞት ቀጭ ቀጭ ብሎ ነው፤ ይሄ ድምፁን ሳያሰማ ነው የሚመጣውና የሚሄደው። ሁለት ሰዎች ሞቱ ቢባል አንዱ በሳል ሌላው ወድቆ ከሆነ በአንድ በሽታ ሞቱ የሚል የለም። እኔ ግን የቆጠርኩት ሬሳውን ነው። ዩፒኤስ ስላለኝ መብራት ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ሻጩ ነው አልኩ። አሮጌ ዲስክ ጠርጎ እንደ አዲስ ሸጦልኝ ነው።

ሱቁ ሄጄ የተናገርኩትን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ልጁ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ነው፤ ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየሰማ «እንደዚህ እያደረጋችሁ ነው ሀብታም የምትሆኑት» አልኩት። አልመለሰልኝም። ዋስትና ስለነበረው ከመደርደሪያው ሌላ አወረደ፣ ማሸጊያውን ፊቴ ቀደደ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄኛው ውስጥ የሚፈልጉት ነገር አለ? ካለ ልሞክርልዎ» አለኝ።

«ከሞተ ነገር ምን ይወጣል» ብዬው ወጣሁ።

በዚያው ክረምት የአባቴ የአጎት ልጅ ቤት ጣሪያ አፍስሶ ያ ካርቶን ሙሉ ፎቶ ውኃ ጠጣ። ሁለተኛዋ አክስቴ ደግሞ አልበሟን ይዛ ልጇ ዘንድ ዋሽንግተን ሄደች። እኔ ዘንድ ቅጂ አለ ብለው ነበር ሁሉም። የለኝም ለማለት ጊዜ ፈጀብኝ።

ሦስተኛው ዲስክ እስከ የካቲት 2011 ዓ.ም. ቆየ። አንድ ማታ ያው ድምፅ መጣ፤ ቀጭ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ሞተሩ እንደ አዲስ ሲነሣ ይሰማል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ። በዚህ ጊዜ ሰው አልወቀስኩም። ደክሞኝ ነበር መሰለኝ። ዲስኩ ገና በሕይወት ሳለ የሚሰጠውን ቃል ልስማ ብዬ ተቀመጥኩ።

ዲስክ የራሱን ታሪክ ይመዘግባል። ስማርት የሚባል መዝገብ ነው፤ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ይነበባል፤ መስመሮቹ የሚጠሩት በመለያ ቁጥራቸው ነው። 5ኛው መስመር ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል፣ 197ኛው ማንበብ ተስኖት በቀጠሮ ያቆያቸውን፣ 9ኛው የሠራበትን ሰዓት፣ 12ኛው ኃይል ተቋርጦ የተመለሰለትን ብዛት። የእኔን ሳነብ ዓይኔ 12ኛው ላይ ቀረ። በስምንት ወር ውስጥ ኮምፒውተሬን ቢበዛ 500 ጊዜ ባበራው ነው። ዲስኩ ግን ኃይል 2,300 ጊዜ ሄዶ እንደመጣበት ቆጥሯል።

ብዙ ደቂቃ ቁጥሩን አየሁት። ቤታችን ውስጥ መብራት 2,300 ጊዜ አልጠፋም። ኮምፒውተሩም ያን ያህል አልጠፋም። እኔ ስጽፍና ሳነብ፣ ስክሪኑ በርቶ ሳለ፣ ዲስኩ ብቻውን ጨለማ ውስጥ እየገባ ይወጣ ነበር። መብራት ነው ያልነው ነገር መብራት ነበር፤ ግን ከግድግዳው ወዲህ፣ ከዩፒኤሱም ወዲህ፣ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ የሚጠፋ መብራት።

ከዚያ በፊት የሞከርኳቸውን የተሳሳቱ መንገዶችም ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጊዜ ወስዶብኛል። ሙቀት ነው ብዬ የሣጥኑን ጎን ከፍቼ ፋን ደግኜበት ነበር፤ መዝገቡ ግን ከ38 ዲግሪ አልፎ አያውቅም። በ2007 እ.ኤ.አ. የጎግል ባለሙያዎች ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት አለ፤ ሙቀት ሰው እንደሚያስበው ያህል ከብልሽት ጋር የተሳሰረ ሆኖ አላገኙትም። ከፍታም ጠርጥሬ ነበር። ጭንቅላቱ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ሆና አየሯ ከሳሳ፣ እዚህ ዲስክ ቢወድቅ ይገርማል? ሐሳቡን በጣም ወድጄው ነበር፤ የአገራችን ልዩ ችግር ያገኘሁ መስሎኝ። የአምራቾቹን ወረቀት ሳይ ግን የተለመደው ገደብ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን እንኳ ከዚያ በታች ናት። እንጦጦ ጫፍ ወጥቶ ለሚሠራ ሰው ብቻ ነው ጥያቄው የሚነሣው።

አሁን መልቲሜትር፣ የቮልት መለኪያ፣ ተዋስኩ። ዲስኩ ሁለት ዓይነት ምግብ ይፈልጋል፦ በቀዩ ሽቦ 5 ቮልት ለኤሌክትሮኒክሱ፣ በቢጫው 12 ቮልት ሳህኖቹን ለሚያዞረው ሞተር። የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 5 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ቢጫው ከ11.4 ቮልት መውረድ የለበትም። ኮምፒውተሩ ሥራ ሳይበዛበት 11.8 አነበብኩ። ደህና ነው። ከዚያ ቪዲዮ ከፈትኩ፣ ትልቅ ፋይል መቅዳት ጀመርኩ፣ ማቀናበሪያውን የሚያጨናንቅ ፕሮግራም አስነሣሁ። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። 11.5። 11.3። 11.1። ቀጭ አለ።

ከሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያድለው ፓወር ሰፕላዩ ኮምፒውተሩን ስገዛ ከሣጥኑ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ጎኑ ላይ 500 ዋት ይላል። ነቅዬ በእጄ ስይዘው ቀለለኝ፤ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ፓወር ሰፕላይን በክብደቱ የሚመርጡት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አልከፈትኩትም፤ ማንም ቤቱ እንዳይከፍተው እለምናለሁ። 220 ቮልት ገብቶ ሲቀየር ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፣ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል። ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት፤ እሱ አጥፍቶና አራግፎ ከፈተው። ዲስኩን በሚመግበው በኩል ካሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች ሦስቱ ጫፋቸው እንደ ዳቦ ተነፍቷል፣ አንዱ ሥሩ ላይ ቡናማ ነገር አፍስሷል። የኤሌክትሪኩን ግልብጥብጥ የሚያረጋጉት እነሱ ናቸው። ሲደርቁ ኮምፒውተሩ እንደበራ ይቆያል፤ ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ የ12 ቮልቱን ትንሽ መውረድ ችሎ ያልፈዋል። ከሁሉም ቀድሞ የሚወድቀው ከባድ ነገር የሚያሽከረክረው ነው።

በከባድ ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩት። በዚያው ሥራ 12.05። ጠጋኙ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ፤ «አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ሁለት ቀን እየው፣ ከዚያ ሌላውን።» ቀደም ሲል ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ነገር አብሬ ነበር የምቀይረው፤ የተሻለኝ በየትኛው እንደሆነ ሳላውቅ። ምክሩ ባይኖር ቀጣዩን አላገኘውም ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ከተቀየረ በኋላ 12ኛው መስመር መቁጠር አቆመ፤ ሌላ መስመር ግን መቁጠሩን አላቆመም። 199ኛው። ይህ መስመር በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መንገድ ላይ የተበላሸ መልእክትን ነው የሚቆጥረው። ጥፋቱ ዲስኩ መዝገብ ላይ ይጻፍ እንጂ የዲስኩ አይደለም፤ ዲስኩ ያየውን የሚናገር ምስክር ነው። ሁለቱን የምታገናኘውን ቀይዋን ሳታ ኬብል ነቀልኳት። ሣጥኑ ጥግ ላይ በኃይል ተጣጥፋ ነው የኖረችው፤ ከመጀመሪያው ዲስክ ጀምሮ ያቺው ናት። በአንድ ርካሽ ኬብል ቀየርኳት። ቁጥሩ ቆመ።

እና ያኔ ሁለተኛው ዲስክ ትዝ አለኝ። ድምፅ የሌለው። የሚጠፋና የሚመለሰው።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ አወቀኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ያዘጋጀሁትን ንግግር ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ ተነሥቶ የራሱን የሒሳብ ኮምፒውተር ጎን ከፈተ። «ይኸውልዎ ዲስክዎ» አለኝ። «ያኔውኑ ሞክሬው ደህና ስለነበር ፎርማት አድርጌ የሱቁን ዕቃ እመዘግብበታለሁ። ዘጠኝ ወሩ። እነግርዎ ነበር፤ ተቆጥተው ስለወጡ ነው።» መዝገቡን አብረን አነበብነው። 5ኛው መስመር ዜሮ። 197ኛው ዜሮ። 199ኛው ላይ ከአራት ሺህ በላይ፤ እሱ ዘንድ ከመጣ ወዲህ ግን አንድም አልጨመረም። ፎርማት ፎቶዎቼን ሲያጠፋ የኬብሌን ጥፋት አላጠፋውም።

ያን ዲስክ ለሱቁ ከመመለሴ በፊት አምስት ደቂቃ የጎረቤቴ ኮምፒውተር ላይ ብሰካው ኖሮ ይከፈት ነበር። ሙሉ ፎቶዎቹ፣ ከነስማቸው። ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው ሁሉ ተሰብስቦ ይህችን አምስት ደቂቃ አያክልም።

ልጁ ዲስኩን አውጥቶ ሰጠኝ፤ የእኔን አዲስ በእሱ ቦታ ተካሁለት። በችኮላ የሚደረግ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፤ ውስጡ ያለው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ይቆያል። ዘጠኝ ወር የሱቅ ሒሳብ ተጽፎበታል፤ ግን አንድ ቴራባይት ሰፊ ነው። ፎቶሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ለሁለት ሌሊት ለቀቅኩት። የፋይል ስም አይፈልግም፤ ፎቶ የሚጀምርበትን ምልክት እያሰሰ ከዚያ የሚከተለውን ይለቅማል። 1,140 ከነበሩት 412 አወጣ። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። ወደ 90 የሚሆኑት ደግሞ ተቆርጠዋል፦ ፎቶው ከላይ ወደ ታች ይገለጣል፣ ከዚያ ሌላ ነገር የተጻፈበት ቦታ ሲደርስ ከትከሻ በታች፣ ከወገብ በታች ግራጫ ይሆናል።

በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ሲያወጣ 50 ትልልቅ ሳህኖች ነበሩት፣ ቁም ሣጥን ያክላል፣ የሚይዘውም አምስት ሚሊዮን ፊደል ነበር። ስካን ካደረግኳቸው ፎቶዎች አንዱን እንኳ አይችልም። ይህን ሳነብ የእኔ ብልሽት ትንሽ ሆነችልኝ፤ ጥፋቴ ግን አላነሰም። አንድ ነገር ሁሉንም እንዲይዝልኝ ያደረግኩት እሱ ሰፊ ስለሆነ ነው።

አሁን ፎቶዎቹ ሦስት ቦታ አሉ፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ እህቴ ቤት፣ አንዱ ዋሽንግተን። መዝገቡን ማንበብ ስለቻልኩ ብቻ ቀድሜ አውቃለሁ አልልም። በዚያው በጎግል ጥናት ከሞቱት ዲስኮች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት መዝገባቸው ላይ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ነው የሞቱት።

ግንቦት ላይ 412ቱን በላፕቶፕ ይዤ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ስሞቹን መልሶ መጻፍ ነበረብኝ፣ የቀሩትንም ከአክስቴ አልበም ዳግም ስካን ማድረግ። ነጭ ነጠላቸውን አስተካክለው መነጽራቸውን አጠለቁ። ስለ ፓወር ሰፕላዩም ስለ ኬብሉም ነገርኳቸው። ሰሙኝና «ታዲያ መብራት አይደለማ» አሉ።

በቁጥር የተሰየሙትን አንድ በአንድ እያሳለፍን ሄድን። ሙሉዎቹን ቶሎ ቶሎ አሉልኝ። ከውኃ ከጠጣው ካርቶን ወደ መጣች አንዲት ፎቶ ስንደርስ ግን እጄን ያዙኝ። ከላይ ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ነው የተረፈው፤ የፎቶ ቤቱ መጋረጃ፣ የተሳለው ዛፍ ጫፍ፣ በግራ በኩል የአንድ ሰው ጎፈሬ። ከዚያ ሁሉም ግራጫ ነው።

«ይሄንን ማን ብለህ ነበር የጻፍከው?» አሉኝ።

አላስታወስኩም።

አቀረቡት፣ አራቁት። «ሁለት ናቸው» አሉ። «ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እኔ ከጎኑ ነበርኩ። አጭር ስለሆንኩ ነው የማልታየው። ጻፍ።»